ክርክር፦ ጥርስ ውስጥ ሊምፍ አለ ወይስ የለም? (ከአሞክሳሲሊን የተነሳ ጭቅጭቅ)

አድሚን፦ ትናንት ማታ አንድ ልጅ መንጋጋው ስር ንፍፊት ወጥቶበት ፎቶ ለቆ "የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ነው፣ አሞክሳሲሊን ልጀምር?" ካለ ወዲህ ግሩፑ ተተራምሷል። አንዳንዶቻችሁ ጥርስ ውስጥ ሊምፍ (ትርፍ ፈሳሽና ቆሻሻ ሰብስቦ ወደ ዕጢዎች የሚወስድ ቀጭን ቱቦ) ስላለ ራሱ ያጠራዋል፣ ክኒን ብቻ አግዙት ትላላችሁ። ሌሎቻችሁ ሊምፍ የሚባል የለም፣ ጥርሱ አልቆለታል ይነቀል። በሉ እዚሁ ይለይለት። ስድብ የለም፣ ቮይስም አትላኩ።

የሂርማታው ነጋዴ፦ ምኑ ያከራክራል ወላሂ። ነቅሎ መገላገል!

ነርሷ፦ ኧረ ወንድሜ ቀስ በል። ንፍፊት ካለ ሊምፍ አለ ማለት ነው፣ መንገድ ከሌለ አንገት ስር ያለው ዕጢ በምን ሰምቶ አበጠ? ከታች የፊት ጥርስ ከሆነ አገጭ ስር ነው የሚወጣው፣ ከመንጋጋ ከሆነ መንጋጋ ስር፣ ይሄ ሁሉ ስርዓት ዝም ብሎ አይመጣም።

የጥርስ ተማሪው (ጅማ ዩኒቨርሲቲ)፦ እህቴ ያልሽው ስርዓት ልክ ነው ግን የጥርሱ ውስጥ ማስረጃ አይሆንም። ኢንፌክሽኑ በስሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንትና ድድ ከደረሰ እዛ ሊምፍ ሞልቷል፣ ዕጢው ከዛ ነው የሚሰማው። ክርክሩ እውስጥ ያለው ለስላሳ ነገር ላይ ነው፣ እኛ ነርቭ የምንለው ማለቴ ነው፣ የደም ስርም ሌላም ሌላም አለው። ድሮ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግድግዳቸው ስስ የሆኑ ቱቦዎች አይተው ሊምፍ ናቸው ያሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ደግሞ ሊምፍ አለው ብሎ፣ እንደውም ሲቆጣ ይበዛል አለ። በ2010 ሌሎች መጡና የለም አሉ። ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቱቦውን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ጉዳይ ነው፣ ሊምፍን ብቻ ለይቶ የሚያቀልም ነገር እስካሁን አልተገኘም። ፖዶፕላኒን የሚባለው ምልክት (ቀለሙ የሚይዘው ፕሮቲን) ዴንቲን፣ ማለትም ከጥርሱ ኢናሜል ስር ያለውን ጠንካራ ክፍል፣ የሚሠሩት ሴሎች ላይም ይወጣል፣ ላይቭ-1 የሚባለው ምልክት ማክሮፋጅ (ጀርም የሚበላ የመከላከያ ሴል) ላይም ይታያል፣ ቪኢጂኤፍአር-3 የሚባለው ደግሞ አዲስ የሚበቅል የደም ስር ላይም አለ። ስለዚህ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ አገኘሁ ያለ ሰው ምን እንዳገኘ ተጠየቅ።

ነርሷ፦ አንድ ምልክት አይበቃም ካልክ "የለም" ያሉትም እኮ ያላዩትን ነው የለም ያሉት። ሲቆጣ ይበዛል የሚለውን ደግሞ አትዝለለው፣ ማክሮፋጅ ቪኢጂኤፍ-ሲ የሚባል "ብቀል" የሚል መልእክት ይለቃል፣ እሱ ደግሞ ሊምፍ ያበቅላል፣ ይሄ በሌላው ሰውነት የታወቀ ነው። ጥርስ ሲሆን ብቻ ለምን ይቀራል?

የጥርስ ተማሪው፦ ቆንጆ ጥያቄ ነው። መልእክቱ መለቀቁ አንድ ነገር ነው፣ ቱቦ በቅሎ ፈሳሽ ማውጣቱ ሌላ። ያንን በሰው ጥርስ ውስጥ በግልጽ ያሳየ ሥራ እኔ አላየሁም።

ቡና ላኪው፦ ቆይ ሊምፍ ከሌለማ ነገሩ ክዳኑ እንደታሸገ ጀበና ነው። ሲቆጣ ያብጣል፣ ግድግዳው አጥንት ከመሰለ መለጠጫ የለው፣ የደም ስሩን ራሱ ያንቀዋል፣ አለቀ። ሂርማታው ልክ ነው ንቀሉ።

የጥርስ ተማሪው፦ ድሮ እንደዛ ነበር የሚታሰበው ጋሼ፣ ግን ጀበናው ሁሉ እኩል አይፈላም። ግፊቱ የሚጨምረው የተቆጣው ቦታ ላይ ነው። የጥርሱ አናት ላይ ያለው ጥግ እየበገነ ትንሽ ወረድ ሲሉ ግፊቱ ከጤነኛው ብዙም አይለይም፣ የፈሰሰውም በአጠገቡ ባሉ ደም ስሮች ይመለሳል። የታመመውን አናት ቆርጦ ስሩን የሚተው ሕክምና ያለው እኮ ለዚህ ነው። በጊዜ ከመጣ ብዙ ጥርስ ይተርፋል።

ከአጋሮ፦ በጊዜ ነው ያልከው? እኔ ለሩት ካናል (ነርቩን አውጥቶ ጥርሱን ለማትረፍ) ስንቴ በሚኒባስ ልመላለስ ነው፣ ቡና ለቀማ ላይ ማን ይፈቅድልሃል፣ መንቀሉ በአንድ ቀን ያልቃል። እናንተ ከተማ ቁጭ ብላችሁ ስለ ቱቦ ትከራከራላችሁ። (ክኒኑም ያው ለዛ ነው ሰው የሚገዛው፣ ስንፍና አይደለም።)

ፋርማሲስቷ፦ ገብቶኛል ወንድሜ፣ ግን ያ ክኒን ገንዘብህን ነው የሚበላው። ነርቩ ብቻ ተቆጥቶ እብጠትና ትኩሳት ለሌለው ጤነኛ አዋቂ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ አይሰጥም፣ የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 መመሪያው ብሎታል። ሕመሙን የሚያስታግሰው አይቡፕሮፌን ነው፣ ጨጓራና ኩላሊት ለሌለበት። መግል ይዞ ትኩሳት ከጨመረ ሌላ ነገር ነው። መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ግን በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል።

ነርሷ፦ እዚህ ላይ ከሷ ጋር ነኝ። ሊምፉ ላይ ግን አልተረታሁም።

የጥርስ ተማሪው፦ አትረቺ 😂። ልጁ የታለ? ቀዝቃዛ ነገር ሲነካህ ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል?

ባለጥርሱ፦ ድሮ ወዲያው ይተወኝ ነበር። አሁን ሌሊት ራሱ ተነስቶ ይቀሰቅሰኛል፣ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ስነክስበት ያመኛል። ትኩሳት የለኝም።

የጥርስ ተማሪው፦ እንግዲያ ስሩ ጫፍ ጋ ደርሷል፣ ንፍፊቱም ለዛ ነው። ነገ ጠዋት ሄደህ ራጅ ተነሳ፣ ሩት ካናል ወይ መንቀል እዛ ይወሰናል።

የሂርማታው ነጋዴ፦ ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ!

የጥርስ ተማሪው፦ አንተ ራጅ አላልክም ኦቦ።