ከካልቨርት ገደሎች ሥር የተገኘ ከባድ ጥቁር ቁራጭ፦ አጥንት ነው ወይስ ተራ ድንጋይ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው የካልቨርት ገደሎች ፓርክ ልጆቼ የሻርክ ጥርስ ሲፈልጉ፣ እኔ ውሃው ጠርጎ ካወጣው ጠጠር መካከል አንድ ቁራጭ አነሣሁ። ርዝመቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ቀለሙ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከመጠኑ አንጻርም በጣም ይከብዳል። አንዱ ጎኑ ለስላሳ ነው፤ በሌላው ጎኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ኮምጣጤ ጠብ ባደርግበት አረፋ አላወጣም። ቅርጹ የአጥንት ጫፍ ስለሚመስል ትልቁ ልጄ የዳይኖሰር ነው ብሎ አምኗል። ቅሪተ አካል መሆን አለመሆኑን በምን ለይቼ ልንገረው?

መልስ 1

በመጀመሪያ የዳይኖሰሩን ጉዳይ እንለየው። የእነዚህ ገደሎች ደለል የተከማቸው ከ20 እስከ 10 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አካባቢው ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዳይኖሰሮች ግን ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። ስለዚህ ቁራጩ አጥንት ከሆነ የዓሣ ነባሪ፣ የዶልፊን ወይም የሌላ የባሕር እንስሳ የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው፤ ይህም ለልጅዎ ከዳይኖሰር ያላነሰ ታሪክ ነው።

ቅርጹን ግን ለጊዜው ይተዉት። በደለል ውስጥ ብረት አዘል ማዕድን አሸዋውን አጣብቆ የሚፈጥራቸው እብጠቶች እንቁላል፣ ጣት ወይም የጉልበት አጥንት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእነዚህ ነው። መታየት ያለበት የውስጥ አሠራሩ ነው። ድንጋይ ሰርስረው የሚኖሩ የባሕር ፍጥረታት ስላሉ ቀዳዳ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የእነርሱ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለና ክብ ሆኖ ከላይ ወደ ውስጥ ጥቂት ገብቶ ይቆማል። አጥንት ግን ከውጭ ጥቅጥቅ ያለ ቅርፊት፣ ከውስጥ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የተያያዘ መረብ አለው። የተሰበረውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ቢመለከቱት ልዩነቱ ይታያል።

ኮምጣጤው የሚነግርዎ በውስጡ የኖራ ውሁድ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። የአጥንት ዋና ማዕድን ፎስፌት ስለሆነ በአብዛኛው አረፋ አያወጣም፤ ብረት አዘል ድንጋይም እንዲሁ። በአንጻሩ ትናንት የሞተ ቀንድ አውጣ ዛጎልም፣ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ዛጎልም አረፋ ያወጣሉ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። የተሰበረውን ጫፍ አጥቤ ተመለከትሁት። ዙሪያውን ቀዳዳ የሌለው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠርዝ አለ፤ ከእርሱ ወደ ውስጥ ጥቃቅን ክፍተቶች እስከ መሐሉ ድረስ ተያይዘው፣ አብዛኞቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ረዘም ብለው ይታያሉ። አንዳንዶቹ ግራጫ ደለል ሞልቶባቸዋል።

መልስ 2

እንዲህ ከሆነ አጥንት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚቀረው ጥያቄ አዲስ ነው ወይስ የጥንት የሚለው ነው፤ ጭቃ ውስጥ የከረመ የአጋዘን ወይም የላም አጥንትም ሊጠቁር ስለሚችል ቀለሙን ብቻ አይመኑ። ክብደቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ የአዲስ አጥንት ክፍተቶች ባዶ ስለሚሆኑ ይቀላል፣ የጥንቱ ግን ማዕድን ስለገባበት ይከብዳል። በማንኪያ ቀስ ብለው ቢመቱት ድንጋይ እንደተመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። አሁንም ከተጠራጠሩ በእሳት የጋለ መርፌ በማይታይ ጥጉ ላይ ያስነኩት፤ የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ከሸተተዎ በውስጡ ሕያው የነበረው ፕሮቲን ገና አልጠፋም፣ ስለዚህ አዲስ ነው። በምላስ ነክቶ የሚጣበቅ መሆኑን የማየት ልማድ አለ፤ ልጆች ባሉበት ግን አልመክረውም፤ ለንጽሕናም አይበጅ፣ ውጤቱም አያስተማምን።

የየትኛው እንስሳ ነው ለሚለው፣ የመገጣጠሚያ ገጽ ወይም ሌላ መለያ ክፍል ከሌለበት «የባሕር አጥቢ እንስሳ አጥንት ሊሆን ይችላል» ከሚለው ማለፍ ከባድ ነው። ከዚያ በላይ በፎቶ ብቻ ስም የሚሰጥዎ ቢኖር ማስረጃውን ይጠይቁት። በሶሎሞንስ ከተማ ያለው የካልቨርት የባሕር ሙዚየም የእነዚሁ ገደሎች ቅሪተ አካላት ለእይታ ስላቀረበ፣ ቁራጩን ይዘው ሄደው ቢያነጻጽሩ ይሻላል።

መልስ 3

በአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎችን ማየት የለመደ ሰው፣ እዚያ የዛጎሉ ሽንትር በግልጽ ስለሚታይ፣ እዚህም ዓይኑ ሙሉ ቅርጽ ይፈልጋል። በካልቨርት ግን ከሚገኘው ብዙው ስብርባሪ ነው። ልጆቹ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ በአንድ ጎኑ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ ነገር ካገኙ እንዳይጥሉት፤ ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የሚፈጭበት የጥርስ ሰሌዳ ነው። የሻርክ ጥርስ ሲያጋጥማቸውም የሚያንጸባርቀውን አክሊልና ደብዛዛውን ሥር ለይተው ይመልከቱ፤ በጥርስ ቅርጽ የተሰበረ ድንጋይ ይህን ሁለት ዓይነት ገጽ አያሳይም።

አንድ ነገር በአጽንዖት ልጨምር። ገደሉ ሳይታሰብ ስለሚናድ ከሥሩ መሄድም ሆነ ግድግዳውን መቆፈር ክልክል ነው፤ ልጆቹ ክፍት በሆነው ዳርቻ ላይ ውሃው ያወጣውን ብቻ ይልቀሙ። ሕጉ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በኢትዮጵያ ቅሪተ አካል በቅርስነት የተጠበቀ ስለሆነ ያለፈቃድ ከቦታው አይነሣም። የእርስዎን ቁራጭ በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥበው በጥላ ያድርቁት፤ የተገኘበትን ዳርቻና ቀን የያዘ ወረቀትም አብሮት ይቀመጥ፤ ባለሙያ ሲያየው መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው።