«ኧርሊ ዲሲዥን» ከፈረምን በኋላ የልጄ ቦታ ሊሻር ይችላል?

የአባዶ አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ በጥቅምት ወር አሜሪካ ለሚገኝ አንድ ኮሌጅ በ«ኧርሊ ዲሲዥን» (ቀድሞ አመልክቶ ቀድሞ ውሳኔ በሚገኝበት አስገዳጅ መንገድ) አመለከተች። እርሷ፣ እኔና የትምህርት ቤቷ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) የፈረምንበት ስምምነት፣ ኮሌጁ ከተቀበላትና በቂ ድጋፍ ከሰጣት ወደዚያው እንድትሄድ፣ ሌሎች ማመልከቻዎቿንም እንድትሰርዝ የሚያስገድድ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ የመቀበያ ደብዳቤው ከገንዘብ ድጋፉ ጋር ደረሰን፤ ይበቃናል ብለንም ተቀበልን። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንደኛው የፊዚክስ ውጤቷ ከ93 ወደ 71 መውረዱ ነው። ሁለተኛው፣ ውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ «ፍርድ ቤት የሚያስቆም ነገር የለውም፤ ሌላውን ማመልከቻ እንዳትሰርዙት» ስላለን እስከ ዛሬ ሳንሰርዘው መቆየታችን ነው። ቦታዋን ታጣ ይሆን?

ካውንስለር ከለገጣፎ፦
ወንድሜ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ፊዚክሱ ሳይሆን ያልተሰረዘው ማመልከቻ ነው። አጎቷ ስለ ፍርድ ቤቱ ተሳስተዋል አልልም፤ ኮሌጅ በዚህ ጉዳይ ተማሪ ሲከስ ሰምቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ኮሌጁ ስምምነቱ መጣሱን ቢያውቅ ቦታዋን ሊሽር ይችላል፤ ሁለተኛውም ኮሌጅ ቃሏን አፍርሳ የመጣችን ተማሪ ለመቀበል አይገደድም። በወረቀቱ ላይ የካውንስለሯም ፊርማ ስላለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት የሚያመለክቱ ልጆች የሚታመኑት በእርሱ ቃል መሆኑን አይርሱ። (ፈራሚ ስለሆንኩ ይህ ከሁሉ በላይ ይቆረቁረኛል።)

ከስምምነቱ በሰላም ለመውጣት በሰፊው ተቀባይነት ያለው ምክንያት ድጋፉ ለቤተሰቡ አለመብቃቱ ነው። እርሱም ቢሆን ይበቃናል ከማለት በፊት፣ ኮሌጁ ስሌቱን እንደገና እንዲያየው በጽሑፍ ተጠይቆ የሚደረስበት እንጂ ሌላ የተሻለ ነገር እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሰበብ አይደለም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን በብር የሚከፈለው ደመወዛችን በዶላር ሲሰላ እጅግ ስላነሰ፣ ያስገባችሁት የገቢ መረጃ የቆየ ከሆነ ይህንኑ ለድጋፍ ቢሮው ማስረዳት ተገቢ ነው።

ወደ ውጤቷ ስመለስ፣ የመቀበያ ደብዳቤው ዓመቱን በተመሳሳይ ደረጃ እንድታጠናቅቅ የሚል ሐረግ ሳይኖረው አይቀርም። በአንድ ትምህርት ብቻ ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ የሚያስከትለው የማብራሪያ ጥያቄ ወይም ማስጠንቀቂያ ነው። ቦታ የሚያሳጣው በአመዛኙ መውደቅ፣ በብዙ ትምህርቶች ማሽቆልቆል፣ በማመልከቻው የተጠቀሰን ትምህርት ሳያሳውቁ መተው ወይም የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። ሃርቫርድ በ2017 እ.ኤ.አ. ቢያንስ የአሥር ተማሪዎችን ቦታ የሻረው በፌስቡክ በተለዋወጧቸው አስነዋሪ ምስሎች ምክንያት እንጂ በውጤታቸው አልነበረም።

የሰበታ ልጅ፦
ጋሼ፣ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። በሁለት ትምህርት ዝቅ ስል ኮሌጁ «ምን ሆነ?» ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያው መልሴ መብራት መጥፋቱን፣ የመንገዱን ርቀትና የመምህር መቀያየርን እየደረደረ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር፤ ካውንስለሬ ሁሉንም ሰርዘው «ምን እንደተፈጠረና አሁን ምን እያደረግህ እንደሆነ ብቻ ጻፍ» አሉኝ። በግማሽ ገጽ ጽፌ ላክሁ፤ ቦታዬም አልተነካም። የብሔራዊ ፈተናውን ነገርም ከአሁኑ ጠይቁ፤ ውጤቱ በቅርብ ዓመታት የወጣው በጳጉሜንና በመስከረም ሲሆን፣ እዚያ ግን ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው።

ታዛቢ፦
ከመነሻውስ ለምን ፈረማችሁ? ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ቀድሞ ላመለከተም አስገዳጅ ስምምነት የላቸውም።

ካውንስለር ከለገጣፎ፦
እውነት ነው፤ ሆኖም እነርሱ ከሚያመልክቱላቸው ውስጥ የሚቀበሉት እጅግ ጥቂቱን ነው። አሁን ደግሞ ፊርማው ተፈርሟል።

የአባዶ አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር ተቀምጠን፣ የሌላውን ኮሌጅ ማመልከቻ በአመልካች ገጿ ላይ ሰረዝነው። ስለ ፊዚክሱም ሳይጠይቋት ቀድማ ለመጻፍ ወስናለች፤ ደብዳቤውን ከመላኳ በፊት ካውንስለሯ ነገ ያዩታል። አጎቷን የማስረዳቱ ሥራ ለእኔ ቀርቷል።