በእንግሊዝኛ ግሥ ላይ «ኤስ» የሚጨመረው መቼ ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ መማር ከጀመርሁ አራት ወር ሆኖኛል። ስለ ቤተሰቤ ስጽፍ «ማይ ፋዘር ወርክ ኢን ኤ ባንክ» ብዬ ነበር፤ መምህሬ በቀይ አስምረው «ወርክ» ላይ «ኤስ» ጨመሩበት። ቀጥሎ «ማይ ብራዘርስ ወርክስ» ብል ደግሞ ያንኑ «ኤስ» ሰረዙት። ወንድሞቼ ብዙ ሆነው ሳለ ለምን ይሰረዛል? የምታውቁ ብታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከአንዲት የቋንቋ መምህርት፦
የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው ከአማርኛችን ይመስለኛል። አባትን ስናከብር «አባቴ ባንክ ይሠራሉ» እንላለን፤ «ይሠራሉ» ደግሞ ለብዙ ሰዎችም የምንጠቀምበት ቅርጽ ነው። የእንግሊዝኛ ግሥ ግን አክብሮትን አያሳይም፤ አባትዎም ሆኑ ጎረቤት ያለው ሕፃን እያንዳንዳቸው «ሂ» ስለሆኑ ግሡ «ወርክስ» ይሆናል። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ እናቴን እንደ እኩያዬ «ሺ» ብዬ መጻፍ ይከብደኝ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከራሱ ከ«ኤስ» የመጣ ነው። በስም ላይ ሲሆን ብዛትን ያመለክታል፤ በግሥ ላይ ሲሆን ግን ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ፣ ማለትም «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ኢት» መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ማይ ብራዘር ወርክስ» እና «ማይ ብራዘርስ ወርክ» ይባላል። ከ«አይ»፣ «ዩ»፣ «ዊ» እና «ዘይ» ጋር ግሡ እንዳለ ይቀመጣል።

መልስ፣ ከሌላ አባል፦
ባለቤቱ ሲረዝም በተውላጠ ስም ተክተው ይሞክሩት። «ማይ ፋዘር ኤንድ ማይ ማዘር» ቢተካ «ዘይ» ስለሚሆን «ወርክ» ይባላል። «ፒፕል» የሚለውን ደግሞ ይጠንቀቁ፤ እኛ «ሰው ቡና ይወዳል» ብለን በነጠላ እንናገራለን፣ በእንግሊዝኛ ግን «ፒፕል» ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ፒፕል ላይክ ኮፊ» ነው። በአጻጻፍ «ጎ» እና «ዋች» «ኢ» እና «ኤስ» ይጨምራሉ፤ «ሃቭ» ወደ «ሃዝ» ይለወጣል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ «ማይ ፋዘር ዳዝ ኖት ወርክስ ኦን ሰንደይ» ትክክል ነው?

መልስ፣ ከመምህርቷ፦
አይደለም። «ዱ» ወደ «ዳዝ» ሲለወጥ «ኤስ»ን ራሱ ወስዶታልና ዋናው ግሥ አይደግመውም፤ «ማይ ፋዘር ዳዝ ኖት ወርክ ኦን ሰንደይ» ብለው ይጻፉ። ሲጠይቁም እንዲሁ «ዳዝ ሂ ወርክ?» ይበሉ።