ሐረር ሰርግ ይዣለሁ፤ ሙሽሮቹ ከጅብ ጋር መነሳት ይፈልጋሉ፣ ሰማዩ ደግሞ ያካፋል

የከዚራዋ (ጠያቂ)፦
ጀመዓ እንዴት ናችሁ። የምሠራው ድሬ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የአዳራሽ ሰርግ ነው የማነሳው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሐረር አንድ ሰርግ ይዣለሁ። ሙሽሮቹ ከሰዓት ጀጎል ውስጥ መነሳት ይፈልጋሉ። ሲመሽ ደግሞ ከፈላና በር ውጭ ጅብ የሚመገብበት ቦታ፣ ቬሎና ሱፍ እንደለበሱ። ሙሽራው የሐረር ልጅ ነው፤ «ያለ ወራባ (ጅብ) ሰርግ የለም» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ችግሬ ዝናቡ ነው። ሰሞኑን ያካፋል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ዓምና በካፊያ ባነሳሁት ሰርግ ፍላሹን ካሜራው አናት ላይ ሰክቼ ስለነበር ፎቶው ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ሆነ። ሙሽሪት ኩፍኝ የወጣባት ነው የምትመስለው። ያለኝ ውሃ የማይችል አንድ ካሜራ፣ 35 እና 85 ሌንስ፣ ሁለት ፍላሽ ከርቀት ከሚያበራቸው ትሪገር ጋር። ምን ትላላችሁ?

ጨለማ ክፍል፦
ወንድሜ፣ ኩፍኙ ከፍላሹ ቦታ የመጣ ነው። ፍላሹ ሌንሱ አጠገብ ሲሆን ከፊትህ ያለችውን ጠብታ ከሙሽሮቹ አብልጦ ያበራታል። ጠብታዋ ፎከስ ውስጥ ስላልሆነች ተነፍታ ነጭ ክብ ሆና ትወጣለች።

አንዱን ፍላሽ ከሙሽሮቹ ኋላ 3 ወይም 4 ሜትር ላይ አቁመው፣ ፊቱን ወደ አንተ አዙረህ። ሙሽሮቹ ራሳቸው ይደብቁታል። ያን ጊዜ ያው ዝናብ እንደ ብር ፍንጣሪ ሆኖ ይታያል፣ በተለይ ከኋላ ያለው ጨለማ ከሆነ። ሁለተኛውን በነጭ ጃንጥላ አሳልፈህ ከጎን፣ ኃይሉን ቀንሰህ ፊታቸው ላይ። ለመነሻ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) 1600፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/160 ሰከንድ፣ የኋላው ፍላሽ ከሙሉ ኃይሉ 1/8። ከዚያ እያየህ አስተካክል። ሁለቱንም ፍላሽ ነጭ ፌስታል አልብሳቸው።

የጀጎል ልጅ፦
ፎቶ አንሺ አይደለሁም፣ ግን ሰፈሬ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ 12፡20 ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ጅቦቹ ደህና ሆነው የሚሰበሰቡት ደግሞ ሲጨልም ነው። ስለዚህ ሰማያዊውን ሰማይ ለሙሽሮቹ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ጅቡን ለጨለማው ተዉት።

መጋቢውን አስቀድማችሁ አናግሩት፣ ክፍያውንም ያኔውኑ ጨርሱ። ካፊያ ጅቦቹን አያስቀራቸውም። ዶፍ ከሆነ ግን መጋቢው ራሱ ላይወጣ ይችላል፣ ስለዚህ የቀኑን ከሰዓት ደውሉለት። ሙሽሮቹ ከመጋቢው ኋላ ይቁሙ እንጂ ጎኑ ላይ አይሁኑ። ሥጋ የነካ እጅ ቬሎ እንዳይነካ። መሬት ላይ የሚጎተተውን ጨርቅ ሚዜ ይያዘው። ለምዶም ቢሆን የዱር አውሬ ነው፣ ቁራጭ ሥጋ ጨርቁ ላይ ከወደቀ አይመርጥም። አጃቢ ልጆችን እዚያ አታምጡ።

ፍላሹን በተመለከተ፣ ጅቦቹ የቱሪስት ፍላሽ ለምደዋል። ያም ሆኖ እኔ የባጃጅ መብራት ከጎን ማብራት ይሻላል ባይ ነኝ። ድሮም በመኪና መብራት ነው ሲታዩ የኖሩት።

ጨለማ ክፍል፦
በባጃጁ እስማማለሁ። ከሌንሱ ራቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ የጅቡ ዓይንም እንደ አምፖል አይበራም። ያን ጊዜ ግን አይኤስኦ 6400 ድረስ መውጣት ግድ ነው።

ቬሎ አከራይዋ፦
ማንም ስለ ጭቃው አላነሳም! የጀጎል መንገድ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሙሽሪት ታኮውን ለፎቶ ብቻ ታድርግ፣ ስትሄድ ነጠላ ጫማ። የቬሎውን ጫፍ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ ወደ ላይ ሰብስቡት። ጭቃ ከነካው እርጥቡን አትሹት፣ ይደርቅና ይራገፋል። ጃንጥላው ደግሞ ነጭ ወይም የሚያሳይ ይሁን። አንዷ ደንበኛዬ በቀይ ጃንጥላ ተነስታ ፊቷ በርበሬ የተቀባ መስሎ ወጣ። ድሬ ከፊራ ገበያ ብትዞሪ ነጭ አታጪም።

ዝናቡ ከጠናም አትደንግጡ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። አስፈቅዳችሁ ሙሽሪትን ከስፌት መኪናዎቹ መሃል ብታነሷት እኔ ከጅቡ እሱን ነው የምመርጠው።

ባለ ባጃጁ፦
አቦ ለምን አንድ ወር አይገፉትም፣ ግንቦት ላይ?

ቬሎ አከራይዋ፦
ግንቦት ማን ያገባል አንተ?

የከዚራዋ፦
ጨለማ ክፍል፣ እህትህ ነኝ 😄። አንድ ነገር ቀረኝ። መኪናው ኤሲ አለው። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ስንወጣ ደግሞ ጉም አለ። ሌንሴ ላብ አያወጣም?

ጨለማ ክፍል፦
ይቅርታ እህቴ! ላብ የሚመጣው የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኝ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ገደማ ስለሆነ ወደ ላይ ስትሄጂ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ያ አያሳስብም። የሚያሳስበው ኤሲው ነው። ሐረር ከመድረሳችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት አጥፉትና መስኮት ክፈቱ። ማታ የቀዘቀዘውን ካሜራ ይዘሽ ሞቃቱ ድሬ ስትመለሺም ቦርሳውን ቶሎ አትክፈቺ።

ለካሜራው ወፍራም ፌስታል፣ ለሌንሱ ቀዳዳ፣ በላስቲክ ጥብቅ። ሁዱን (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገባውን ግርዶሽ) አትርሺ፣ ጠብታ የሚከለክለው እሱ ነው። ውስጥ ድረስ ከረጠበ ባትሪውን አውጪና አጥፍተሽ አድርቂው። ሩዝ ውስጥ አትክተቺ፣ ዱቄቱ ይገባበታል። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸው ትንንሽ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ይሻላሉ። ደግሞ አንድ ካሜራ ብቻ ይዘሽ ሰርግ አትሂጂ፣ ተከራዪ ወይ ተዋሺ።

የከዚራዋ፦
ኑሩልኝ። ካሜራ የሚያውሰኝ አግኝቻለሁ። ከሰርጉ በፊት አንድ ማታ ፈላና ሄጄ መብራቱን በእህቴ ላይ ልሞክረው ነው። ጅብ ትፈራለች፣ ገና አልነገርኳትም።