ክርክር፦ ተከራይ ፍላት (አፓርታማ) ውስጥ ጃክ ራስል የሚባለውን ውሻ ማሳደግ መብቱ ነው?

የሁለት ልጆች እናት (ደቡብ ለንደን)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ የ9 እና የ12 ዓመት ናቸው። ጃክ ራስል ካልገዛሽልን ብለው ቁም ስቅሌን እያሳዩኝ ነው። የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተን ነው። በ2025 የወጣው የእንግሊዝ የተከራዮች መብት ሕግ፣ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከግለሰብ ለሚከራይ ሰው አዲስ መብት ይሰጣል። ተከራዩ እንስሳ ለማሳደግ በጽሑፍ ከጠየቀ፣ አከራዩ ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም። መልሱንም በ28 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ይህ ሕግ ልክ ነው ትላላችሁ? ለዚህ ዓይነት ውሻስ ፍላት ይሆነዋል?

አከራይ ነኝ
እህቴ፣ እኔ ሕጉን እቃወማለሁ። ያለኝ አንድ ፍላት ነው። ሃያ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ የገዛሁት። አንዱ ተከራዬ ቴሪየር፣ ጃክ ራስል ዓይነት ትንሽ የአደን ውሻ፣ ነበረው። የበሩን መቃን አኝኮ ጨረሰው። ምንጣፉ በሽንት ርሶ ተነቅሎ ተጣለ። ማስያዣ ደግሞ እንደኔ ላለ ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ መቀበል አይፈቀድም። የሕጉ ረቂቅ ተከራዩ ለጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገባ ማስገደድን ይፈቅድ ነበር። እሱንም ሰረዙት። መብቱ ለተከራይ፣ ዕዳው ለኔ። ይሄ ፍርድ ነው?

11 ዓመት ጃክ ራስል ያሳደግኩ
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን መቃን የሚያኝክ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የዋለ ውሻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም፣ ትንሽ ላስረዝም።

ይህ ውሻ ለሳሎን አልተፈጠረም። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ፣ ዴቨን ከኖሩት ቄስ ከጆን ራስል ነው። ቄሱ አደን ይወዱ ነበር። ቀበሮ ጉድጓድ ሲገባ ተከትሎ ገብቶ የሚያስወጣ ትንሽ ደፋር ውሻ ፈለጉ። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለዚያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ጌታው አያየውም፣ አያዘውም። ራሱ መወሰን አለበት። መጮህም ሥራው ነበር፤ ከላይ ያሉት አዳኞች የት እንዳለ የሚያውቁት በጩኸቱ ነው። ዛሬ ፍላት ውስጥ ሲጮህ ግን ባለጌ እንለዋለን።

ታዲያ ሥራ ስጡት። የኔ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ይወጣ ነበር፣ ዝናብም ቢሆን። ምግቡን በሳህን አልሰጠውም። ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ ወይም ሣር ላይ በትኜ በአፍንጫው እንዲፈልግ አደርጋለሁ። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሲያነፈንፍ ከቆየ ድክም ብሎ ይተኛል። ስጠራው ከመጣ ወዲያው ትንሽ ጉርሻ፣ ሁልጊዜ። ሲነክስ ጨዋታውን አቆማለሁ እንጂ አልመታም። የተመታ ቴሪየር እልኸኛ ይሆናል። ሽኮኮ ካየ ግን ስሙንም ይረሳል። ስለዚህ ክፍት ሜዳ ላይ 10 ሜትር ገመድ አይለየውም።

የሌሊት ሠራተኛ
ጥሩ ብለሃል። ግን እንዳንተ የሚያደርግ ስንቱ ነው? እኔ ሌሊቱን አረጋውያን ስንከባከብ አድሬ ጠዋት ነው የምተኛው። ከላዬ ያሉት በሦስት ሰዓት ይወጣሉ፣ ውሻቸው እስከ ዘጠኝ ይጮሃል። ምስኪኑ እንስሳ እየተሰቃየ መሆኑን በጆሮዬ እሰማለሁ። ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ጩኸቱን ሊመረምር ይችላል፤ ግን ማስረጃ መሰብሰቡ የኔ ሥራ ሆነ። አዲሱ ሕግ አከራይና ተከራይን አነጋገረ። ከታች የሚተኛውን ሰው ማን ጠየቀው?

የአምስት ልጆች አያት
ልጆቼ፣ እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ውሻችን ደጅ ያድር ነበር፣ ግቢውን ይጠብቃል፣ ማንም አይበድለውም። ሥዕለ አድኅኖ ካለበት ክፍል ውሻ ሲገባ ልቤ አይቀበለውም፣ አልዋሽም። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ሰፊ ግቢ የለመደ ፍጥረት በአንድ ክፍል ተዘግቶ ሲውል። ልጅ ኃላፊነት ይማርበታል ትላላችሁ። የልጅ ልጆቼ ለዓሣቸው ምግብ የሰጡት ሦስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የእናታቸው ሆነ።

የእንስሳት ክሊኒክ ነርስ
እማማ እውነትዎን ነው። የልጅ ውሻ የሚባል የለም። ውሻው የእናትና የአባት ነው፣ ያውም 13 ዓመት፣ ከዚያም በላይ።

እህቴ፣ ቤተሰብሽ ውሻ ለመግዛት ከወሰነ ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ ነጋዴ በእጅ አዙር እንዳይሸጥ ተከልክሏል። አርቢው ቤት ሄደሽ ቡችላውን ከእናቱ ጋር እይው። መኪና ማቆሚያ ላይ ላስረክብሽ ካለሽ ተመለሺ። ሁለተኛ፣ የኛ ማዕድ ያሳስበኛል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። ወጥ የነካው እንጀራ እንኳ አይሰጥ። የዶሮ ወጥ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ኩላሊት ያበላሻል። በበዓል ሰሞን እንግዳ ሁሉ ሊያጎርሰው ይፈልጋል፤ ከልክዪ። እንግዳ ቢቀየምም ይቀየም።

ስለ ሕጉ፦ እደግፈዋለሁ። አከራይ ከልክሎ ውሻውን ለእንስሳት መጠለያ ለመስጠት የተገደዱ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሆኖም የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቱ አርኤስፒሲኤ አዋቂ ውሻ ከአራት ሰዓት በላይ ብቻውን አይቆይ ይላል። ቡችላ ከዚያም ያነሰ ነው። ቤት የሚውል ሰው ከሌለ መብቱ ለውሻው አይጠቅመውም።

አከራይ ነኝ
እንዲህ ብትሉኝ እኮ እስማማለሁ። ማን እንደሚያዘዋውረው፣ ስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚውል በደብዳቤው ይጻፍልኝ። ባዶ ጥያቄ ነው የሚያስፈራኝ። ማስያዣው ላይ ግን አሁንም አልተስማማሁም።

የሁለት ልጆች እናት
ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ሰዓታችንን ቆጠርን። ማክሰኞና ሐሙስ ቤቱ ሰባት ሰዓት ባዶ ነው። ለቡችላ አይሆንም። ልጆቹ አለቀሱ። የሥራ ፈረቃዬ በመስከረም ይቀየራል። ያኔ ከመጠለያ ዕድሜው የገፋ፣ ብቻውን መቆየት የለመደ ውሻ እናያለን፣ ጃክ ራስል ባይሆንም። የሌሊት ሠራተኛው ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ለአከራያችን ከመላኬ በፊት ከታች ያሉትን ጎረቤቶቼን አንኳኩቼ እጠይቃለሁ።

የሌሊት ሠራተኛ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ አንኳኪ፣ ምናልባት እነሱም ይተኙ ይሆናል።