የኢትዮጵያ ሲፒኤል (የንግድ አብራሪ ፈቃድ) ወደ አሜሪካ ሲቀየር፦ የስም ልዩነትና የፒአይሲ (አዛዥ አብራሪነት) ሰዓት

ሰላም ወገኖች፣ መንገዱን የምታውቁ እርዱኝ። በአሜሪካ የበረራ ደንብ ክፍል 61.75 በውጭ ፈቃድ መነሻነት ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የሚሰጠው የግል አብራሪ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ተከፍሎ ለመብረር ኮሜርሻሉን (የንግድ አብራሪ ፈቃዱን) በጽሑፍና በበረራ ፈተና ማለፍ ግድ ይላል።

የተያዝኩት ገና ኤፍኤኤ የውጭ ፈቃዴን በሚያረጋግጥበት ደረጃ ላይ ነው። ፈቃዴ ላይ ስሜ እስከ አባት ብቻ ሰፍሯል፤ ፓስፖርቴ ላይ ግን የቤተሰብ ስም ተብሎ የገባው አያቴ ነው። አልገጥም ብሎ ተመለሰ። ፈቃዱን አዲስ አበባ አሳርሞ እንደገና ማመልከት ይሻላል ወይስ የስም ማረጋገጫ ማያያዝ ይበቃል? የማረጋገጫ ደብዳቤው የሚያገለግለው ለ6 ወር ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል።

ሌላው፣ ለኮሜርሻሉ ከሚጠየቀው 250 የበረራ ሰዓት 100ው በፒአይሲ መሆን አለበት። በካፒቴን ክትትል ከቀኝ ወንበር በርሬ የተፈረመልኝን ፈታኙ ይቆጥርልኛል? ካልቆጠረ ጉድለቱን በትንሿ ሴስና 172 አውሮፕላን ልሙላ?