ከደንገጎ በየት በኩል እንውረድ? የሚያዝያው ጉዞ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ከረቂቁ የቀረን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ቅዳሜ በመኪና ወደ ሐረማያ ወጥተን ሐይቁን እንዞራለን፤ እዚያው አድረን እሑድ ማለዳ ከደንገጎ በእግር ወደ ድሬዳዋ እንወርዳለን። እስከዚህ ተስማምተናል። ስለ መመለሻው የሰፈረው «የደቻቱን አሸዋ ተከትሎ ይሆናል» የሚል ነው፤ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ማለት ነው። አስተያየት ያላችሁ እስከ ሐሙስ ጻፉ።

መንገድ መሪ፦ ሐሳቡ የእኔ ስለሆነ ምክንያቴን ልናገር። አስፋልቱ ለእግረኛ አልተሠራም። በየጥምዝምዙ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚከንፍ መኪና ይመጣል፤ መጠጊያ ጠርዝ ደግሞ የለም። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደንገጎ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬ ስንወርድ ጉልበት የሚያርፈው አሸዋ ላይ ነው። ከተማው አጠገብ ስንደርስም ከወንዙ በላይ በገደሉ ላይ ያለውን፣ የጥንት ሰዎች የኖሩበትን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እናያለን። ፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ በ1929 እ.ኤ.አ. የደረሱበት ዋሻ ነው። ደጃችን ሆኖ ከአባሎቻችን ስንቱ አይቶታል?

ጋሼ (ነባር አባል)፦ ልጄ፣ መንገዱን አንተ ታውቃለህ፤ ወንዙን ግን ዕድሜ ልኬን ጎረቤቱ ነኝ። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል በሌሊት የመጣውን ጎርፍ አልረሳውም። ድንጋይ የጫነ መኪና ጭነቱን ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ግን አላቋረጠም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ ለመሙላት የድሬን ዝናብ አይጠብቅም። ላይ ተራራው ላይ ከዘነበ እዚህ ፀሐይ እያቃጠለን ይደርሳል። ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ግራና ቀኙን እዩት፤ ከሰው ቁመት በላይ ግራር ላይ ገለባና ጨርቅ ተሰክቶ ይገኛል። እዚያ የሰቀለው ሰው አይደለም።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ የበልግ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ አይደለም? ማለዳ ከተነሣንስ?

ጋሼ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው «ብዙ ጊዜ» የምትዪው ነው። ማታ ላይኛው አገር የዘነበ እንደሆነስ? ደግሞ ሃያ ሰው እኩል አይራመድም። የመጨረሻው ሰው እንደ ፊተኛው በማለዳ አይገባም።

መንገድ መሪ፦ እሺ፣ ተረታሁ ማለት ይቀናኛል። በተራራው ትከሻ በኩል የእግር መንገድ አለ፤ እንጨትና ወተት ይዘው ቀፊራ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች የሚሄዱበት። ይረዝማል፣ ጥላውም ትንሽ ነው። ዋሻውንም ከዚያው ከላይ እንደርስበታለን። ወንዙን መሻገር ግድ በሚሆንበት ቦታ ሰፊውን መርጠን፣ ሳንቀመጥና ፎቶ ሳንነሣ እናልፋለን።

ሒሳብ ያዥ፦ ለሁለት ቀን መኪና የሚከፈለው አንድ ቀን ከሚከፈለው እጥፍ ነው። መኪናው ቅዳሜውኑ ይመለስ ያልኩትም ለዚህ ነበር። ዝናቡን ከፈራን ጉዞው ጥር ቢሆንስ?

ጸሐፊ፦ ቀኑን የወሰነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ልንቀይረው አንችልም።

ጋሼ፦ መኪናው ከሄደ ዝናብ ቢመጣም ለመውረድ እንገደዳለን። መጥፎ ውሳኔ የሚወለደው እንዲህ ነው። የእኔን መዋጮ ጨምሩበት።

ሒሳብ ያዥ፦ መዋጮ አያስፈልግም፤ ከምሳው ቆርጬ አወጣዋለሁ። ሥጋው ይቀራል። በኋላ አታማርሩኝ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «መመለሻው በትከሻው የእግር መንገድ ይሆናል። ከተቻለ መኪናው ደንገጎ ላይ ይጠብቃል። እሑድ ንጋት ላይ መንገድ መሪው የአካባቢውን ገበሬዎች ይጠይቃል። ሌሊቱን ዘንቦ ከሆነ ወይም ተራራው ደመና ከያዘ ሁሉም በመኪና ይወርዳል፤ ድምፅ አይሰጥበትም።»

ጋሼ፦ «ከተቻለ» የሚለው ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ወጥቷል።